ለዳገት የሚሆን ካምሻፍት፦ በቮልስዋገን ሞተሬ ላይ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ያገኘሁት

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ አዋሽ መልካሳንና ዴራን ካለፈ በኋላ ዳገቱ ይጠናል። በኢተያና በጎንዴ አድርጎ አሰላ እስኪገባ ድረስ ከፍታው ከ1,600 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ ወደ 2,400 ሜትር ይደርሳል። ወላጆቼ የሚኖሩት አሰላ ስለሆነ ይህን መንገድ በወር ሁለት ጊዜ ያህል በቮልስዋገኔ እመላለስበታለሁ። ሞተሩን አሳድሼ አዲስ ካምሻፍት፣ ማለትም ቫልቮቹን በጉብታዎቹ እየገፋ የሚከፍተውን ዘንግ፣ ባስገባሁበት ሰሞን ከዴራ በላይ አንድ ጭነት የያዘ አይሱዙ ከፊቴ ገጥሞኝ ፍጥነቴን በሰዓት ወደ 40 ኪሎ ሜትር ዝቅ አደረግሁ። መንገዱ ነጻ ሲሆንልኝ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጣት ግን መኪናዋ መሳብ ትታ እየተንገጫገጨች ትታነቅ ጀመር። ወደ ሁለተኛ ማርሽ መልሼ ሞተሩ በደቂቃ 3,500 ዙር ካለፈ በኋላ ብቻ ነፍስ ዘራች። በቀድሞው ሞተር ይህንኑ ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ያለ ችግር እወጣው ነበር። አራት ወርና ብዙ ገንዘብ አውጥቼ መኪናዬን ዘወትር ለምነዳበት መንገድ ደካማ አድርጌያት ነበር ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ሞተራቸውን ለማጠናከር ያሰቡ ሰዎች ካምሻፍት ሲመርጡ እኔ የሄድሁበትን ጠማማ መንገድ እንዳይደግሙት ነው። የእኔ ሞተር የቮልስዋገን ቢሆንም ነገሩ የሚሠራበት ሕግ በቶዮታም በፔጆም ላይ ያው ነው።

መጀመሪያ የነበረው 1600 የሚባለው ሞተር ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 85.5 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 69 ሚሊ ሜትር፣ ኮምፕረሽኑ ማለትም ፒስተኑ የሳበውን የሚያምቅበት መጠን ደግሞ 7.5 ለ1 ነበር። ፋብሪካው ለዚህ ሞተር የሚሰጠው 50 የፈረስ ጉልበት በ4,000 ዙር ሲሆን፣ የመዞር ጉልበቱ ማለትም ቶርኩ ከፍተኛው ላይ የሚደርሰው በ2,800 ዙር ነው። ትንሽ ሞተር ቢሆንም ጉልበቱን ከታች ጀምሮ የሚሰጥ በመሆኑ ነው ይህን ያህል ዘመን ዳገት ሲወጣ የኖረው። እኔ ባለ 90.5 ሚሊ ሜትር ፒስተኖች አስገብቼ 1776 ሲሲ አደረግሁት፤ ሁለት ካርቡራተርም ጨመርሁ። ካምሻፍቱን ስመርጥ ግን ያየሁት አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ከቀረቡልኝ ውስጥ 304 ዲግሪ የሚለው ትልቁ ስለነበረ እኅቴ ከውጭ አገር ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልኝ እንድትመጣ አደረግሁ። ትልቅ ቁጥር ትልቅ ጉልበት ይመስለኝ ነበር።

ያ ቁጥር የሚናገረው ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ ማለትም ክራንክሻፍቱ ስንት ዲግሪ እስኪዞር ድረስ ቫልቩ ክፍት ሆኖ እንደሚቆይ ነው። ፒስተኑ ሲወርድ አየሩንና ቤንዚኑን ይስባል፤ የታችኛው ጫፍ ላይ ደርሶ ወደ ላይ መመለስ ሲጀምር ግን አስገቢው ቫልቭ ወዲያው አይዘጋም፣ ይዘገያል። ሞተሩ በፍጥነት በሚዞርበት ጊዜ ይህ መዘግየት ይጠቅማል፤ በቱቦው ውስጥ እየከነፈ የሚመጣው አየር ግስጋሴ ስላለው ፒስተኑ መመለስ ከጀመረም በኋላ መግባቱን ይቀጥላልና። ሞተሩ በዝግታ በሚዞርበት ጊዜ ግን አየሩ ያ ግስጋሴ ስለሌለው፣ ፒስተኑ ገና ያልተዘጋውን ቫልቭ አግኝቶ የሳበውን መልሶ ወደ ካርቡራተሩ ይገፋዋል። ስለዚህ ከታች የሚገኘውን ጉልበት የሚወስነው ዋናው ነገር አስገቢው ቫልቭ የሚዘጋበት ጊዜ ነው። ካምሻፍት ስትመርጡ ከሁሉ አስቀድማችሁ መመልከት ያለባችሁም እሱን ነው።

ይህን በዓይኔ ያሳዩኝ አዳማ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በቮልስዋገን ሥራ ላይ የቆዩ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። መኪናዋን ወስጄ ዳገት ላይ ትታነቃለች አልኋቸው። አየር ማጣሪያውን አወለቁና ሞተሩን 1,800 ዙር አካባቢ ላይ እንድይዘው አዘዙኝ፤ ከዚያ «ና እስኪ ልጄ፣ መዳፍህን ከዚህ በላይ ያዝ» አሉኝ። ከካርቡራተሩ አፍ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቀጭን የቤንዚን ጉም ቆሟል። ወደ ውስጥም አይገባም፣ ተበትኖም አይጠፋም፣ እዚያው ይርገበገባል። መዳፌ ወዲያው ረጠበ፣ ቀዘቀዘኝም። «ጋሼ፣ ካርቡራተሩ ተበላሽቶ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ካርቡራተሩ ምን አደረገህ? ሞተርህ የጎረሰውን እየተፋው ነው እንጂ» አሉኝ። ነዳጅ ጨምሬ ሞተሩ ወደ 4,000 ዙር ሲጠጋ ጉሙ ተስቦ ገባና ጠፋ።

በዚያው ዕለት ኮምፕረሽን ማለትም በየሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት ለካን፤ አራቱም ሲሊንደሮች 85 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ አሳዩ። አራቱም እኩል መሆናቸው ፋሻውም (የፒስተኑ ቀለበት) ቫልቩም ደኅና እንደሆነ ስለሚናገር፣ የጎደለው ጉልበት በካምሻፍቱ ምክንያት የጎደለ ለመሆኑ ጥሩ ምስክር ነበር። ቤቴ ገብቼ በወረቀት ላይ ስሠራው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ሆነልኝ። የመጀመሪያው ካምሻፍት አስገቢውን ቫልቭ የሚዘጋው ፒስተኑ ከታችኛው ጫፍ ከተነሣ ከ80 ዲግሪ በኋላ ነበር። በእኔ ሞተር የማገናኛ ዘንጉ ርዝመት 137 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚህ ልክ ሲሰላ ቫልቩ በሚዘጋበት ቅጽበት ከ69 ሚሊ ሜትሩ ጉዞ ውስጥ ለማመቅ የሚቀረው 44.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በወረቀት 7.5 ለ1 የነበረው ኮምፕረሽን በዝግታ በሚዞር ሞተር ውስጥ ወደ 5.2 ለ1 ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። ስሌት የማይወድ ሰው ቴስታታው ማለትም የሲሊንደሮቹ ክዳን ከመገጠሙ በፊት ክራንክሻፍቱን በእጁ ወደዚያ ዲግሪ አዙሮ፣ ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ላይ ለመድረስ ምን ያህል እንደሚቀረው በካሊፐር ቢለካ ተመሳሳይ መልስ ያገኛል።

እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይጨመርበታል። በአዳማ ከፍታ ላይ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ከአንድ ስድስተኛ በላይ ይጎድላል፤ አሰላ ላይ ሩብ ያህል ይጎድላል። ካምሻፍቶቹ በሚሠሩባቸውና በሚሞከሩባቸው ብዙ አገሮች ግን መንገዱ ለባሕር ወለል የቀረበ ነው። እዚያ ለከተማ መንገድ መካከለኛ የሚባለው ካምሻፍት እኛ ጋ ሲመጣ ከታች የሳሳ ይሆናል። ስለዚህ በሁለት ካምሻፍቶች መካከል ለሚያመነታ የደጋ ነጂ የምሰጠው ምክር ያለ ማወላወል ትንሹን እንዲወስድ ነው።

ለሁለተኛው ምርጫ ስነሣ መጀመሪያ ያደረግሁት ሞተሬ ዘወትር የሚዞርበትን ልክ ማወቅ ነበር። የኋላ ጎማዬ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌ መኪናዋን ገፋኋትና ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር መሬቱ ላይ ያለውን ርቀት በሜትር ለካሁ፤ 2 ሜትር ገደማ ሆነ። የመኪናዬ ሦስተኛ ማርሽ ምጥጥን 1.26፣ ዙሩን ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው የመጨረሻው ጥርስ ደግሞ 3.875 ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ማለት በደቂቃ 833 ሜትር፣ ያም 417 የጎማ ዙር ነው፤ በሁለቱ ቁጥሮች ሲባዛ ሞተሩ 2,000 ዙር አካባቢ መሆኑ ይወጣል። አራተኛው ማርሽ 0.89 ስለሆነ በፈጣኑ መንገድ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስሄድም 2,900 ዙር አልሞላም። እንግዲህ የእኔ ሞተር ዕድሜውን የሚጨርሰው ከ1,800 እስከ 3,500 ዙር ባለው ውስጥ ነው፤ እኔ ግን ከ3,500 በላይ የሚነቃ ካምሻፍት ነበር ያስገባሁለት። ይህችን ስሌት አስቀድሜ ብሠራት ኖሮ አንድ ሞተር ሁለት ጊዜ ባላወረድሁ ነበር። እባካችሁ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ሥሯት፤ ከጠመኔና ከሜትር በቀር የምትጠይቀው ነገር የለም።

ሁለተኛው ካምሻፍት 268 ዲግሪ ነው። አብሮት የሚመጣውን ወረቀት ስታነቡ ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። አንዱ ሠሪ ቫልቩ መከፈት ጀመረ ብሎ መቁጠር የሚጀምርበት ከፍታ ከሌላው ሠሪ ስለሚለይ፣ በሁለት ሠሪዎች ወረቀት ላይ ያለው ተመሳሳይ ቁጥር ተመሳሳይ ካምሻፍት ላይሆን ይችላል። ለማወዳደር የሚያገለግለው በ0.050 ኢንች ማለትም በ1.27 ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ የተለካው ቁጥር ነው። አንዳንዶች በ1 ሚሊ ሜትር ይለካሉና አንዱን ከሌላው ጋር አታምታቱ። በአስገቢውና በአስወጪው ጉብታ አናቶች መካከል ያለው ማዕዘን በሁለቱም ካምሻፍቶቼ 108 ዲግሪ ነበር። ሁለቱ ቫልቮች በአንድነት ክፍት ሆነው የሚቆዩበት ጊዜ ግን ከ88 ዲግሪ ወደ 52 ወረደ። በመጀመሪያው ካምሻፍት ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው) ሲዞር ይንዘፈዘፍ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ በዝግታ በሚዞርበት ጊዜ የተቃጠለው ጭስ ወደ አስገቢው ቱቦ እየተመለሰ አዲሱን አየር ያበላሸዋል። ብዙ ወጣቶች ያንን የሚንዘፈዘፍ ድምፅ የኃይል ምልክት አድርገው ይወዱታል፤ እኔም ወድጄው ነበር። ድምፁ የሚመጣው ግን ሞተሩ ከታች በሚገባ ስለማይተነፍስ ነው።

ቫልቩ ወደ ላይ የሚነሣበት ከፍታ ሌላ ጉዳይ ነው። ጊዜው ሳይረዝም ከፍታው መጠነኛ ጭማሪ ቢያገኝ የታችኛውን ጉልበት አይጎዳም፤ ነገር ግን ጉብታው እየቀጠነና እየሾለ ስለሚሄድ ታፔቱ (ጉብታው በቀጥታ የሚገፋው ብረት) እና የቫልቩ ስፕሪንግ ላይ ጫና ይፈጥራል። በቮልስዋገን ይህ ከሌላው ሞተር ይብሳል፤ ካምሻፍቱ ያሉት ጉብታዎች አራት ብቻ ሆነው እያንዳንዱ በግራና በቀኝ ላሉ ሁለት ቫልቮች ስለሚሠራ ነው። ስለዚህ ልከኛውን መረጥሁ፣ የፋብሪካውንም ስፕሪንግ አልቀየርሁም።

ካምሻፍት ብቻውን አይመረጥም፤ ኮምፕረሽኑም አብሮ ይታሰባል። ቴስታታው ውስጥ ያለውን ክፍት ቦታ ከፋርማሲ በገዛሁት ሲሪንጅ ቀይ ዘይት የተቀላቀለበት ነጭ ጋዝ እየሞላሁ ለካሁት። ከሲሊንደሩ ሥር የነበረውን 1.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለበት ሳወጣ ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚተርፈው ቦታ ከ68 ሲሲ ወደ 59 ሲሲ ወርዶ ኮምፕረሽኑ 8.5 ለ1 ሆነ። ፒስተኑ ከቴስታታው ጋር የሚኖረው ርቀት ከ1 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ መለካት ግዴታ ነው። ቀለበቱ ሲወጣ ቴስታታው ስለሚቀርብም ፑሽሮዶቹን ማለትም የታፔቱን ግፊት ወደ ቫልቩ የሚያደርሱትን ዘንጎች በዚያው መጠን ማሳጠር ያስፈልጋል። ይህን ዘንግተው የቫልቩን አሠራር ያዛቡ ሰዎች አይቻለሁ።

ቮልስዋገን ላይ ካምሻፍት ለመቀየር ሞተሩን አውርዶ ብሎኩን ለሁለት መክፈት ያስፈልጋል፤ ታፔቶቹም የሚወጡት በዚያ ጊዜ ነው። የክራንክሻፍቱ ጥርስ ላይ ሁለት ነጥቦች፣ የካምሻፍቱ ጥርስ ላይ አንድ ነጥብ አለ፤ አንዱ በሁለቱ መካከል መግባት አለበት። የእኔው ጥርስ በቡሎን የሚታሰርና የሚስተካከል ዓይነት ስለነበረ ካምሻፍቱን 4 ዲግሪ ወደ ፊት አስቀደምሁት። እንዲህ ሲደረግ አስገቢው ቫልቭ ከ62 ዲግሪ ይልቅ በ58 ይዘጋል፤ ጉልበቱም ወደ ታች ይወርዳል። ቡሎኖቹ ከዘይት ፓምፑ ጋር እንዳይነካኩ ብሎኩ ከመዘጋቱ በፊት በእጅ እያዞራችሁ እዩ፤ ፓምፑን የሚያዞረው ራሱ ካምሻፍቱ ስለሆነ ሁለቱ በጣም ይቀራረባሉ።

ምልክቱን ብቻ አምኜ አልዘጋሁትም። በዲግሪ የተከፋፈለ ክብ ወረቀት አሳትሜ ኮምፔንሳቶ ላይ ለጠፍሁና ክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ አሰርሁት፤ ከአንድ የብረት ሥራ ቤት የተዋስሁትን ባለ ሰዓት መለኪያ ደግሞ የአንደኛው ሲሊንደር አስገቢ ታፔት ላይ አቆምሁ። ታፔቱ ከአናቱ በፊትና በኋላ እኩል ከፍታ ላይ ሲደርስ ያለውን ዲግሪ አነበብሁ፤ በአንዱ ወገን 62፣ በሌላው 146 ሆነ። ሲደመርና ለሁለት ሲካፈል 104 ይሆናል። ከ108 ላይ 4 መቅደሙን ያረጋገጥሁት በዚህ ነው። መርፌው በመጀመሪያው ሙከራ 106 ሰጥቶኝ ስለነበር ቡሎኖቹን ፈትቼ እንደገና አስተካክዬዋለሁ። እዚህ ላይ የሚጠፋው ግማሽ ቀን የሚያስቆጭ አይደለም።

በአዲስ ካምሻፍት ላይ አሮጌ ታፔት አይገጠምም። ከመጀመሪያው ካምሻፍት ጋር የወጡትን ታፔቶች በባትሪ ብርሃን ስመለከታቸው ሲሠሩ በጣም በትንሹ ጉብ ብሎ የነበረው ፊታቸው መሐሉ መጎድጎድ ጀምሯል። እንዲህ ያለው ታፔት በቦታው መሽከርከሩን ያቆምና አዲሱን ጉብታ እየፋቀ ይጨርሰዋል። አዲሶቹን ጉብታዎችና የታፔቶቹን ፊት ለዚሁ የተዘጋጀ ወፍራም ቅባት ቀባሁ፤ ዘይቱም ለአሮጌ ሞተሮች የሚሆን ዚንክ የበዛበት ነበር። ሞተሩ እንደተነሣ ሚኒሞ ላይ እንዳይቆም ወዲያው ወደ 2,000 ዙር አድርሼ፣ ከ2,000 እስከ 2,500 እያለዋወጥሁ 20 ደቂቃ አቆየሁት። በሚኒሞ ዙር ጉብታውን የሚያረጥበው ተረጭቶ የሚደርሰው ዘይት በቂ ስላልሆነ፣ እነዚያ 20 ደቂቃዎች የካምሻፍቱን ዕድሜ ይወስናሉ። ቤንዚኑ፣ ካንዴላዎቹና የማቀጣጠያው ጊዜ ቀድመው መዘጋጀት ያለባቸው ለዚህ ነው፤ ሞተሩን እያስነሡና እያጠፉ ካርቡራተር ማስተካከል በዚያ ሰዓት አይቻልም። ከዚያ በኋላ የማቀጣጠያውን ጊዜ የቫኪዩሙን ቱቦ ነቅዬ በ3,500 ዙር 28 ዲግሪ ላይ አቆምሁት።

ኮምፕረሽኑን እንደገና ስንለካ 125 ፒኤስአይ ሆነ። በስሌቱም ፒስተኑ አሁን 55.9 ሚሊ ሜትር ያምቃል፤ በዝግታ በሚዞርበት ጊዜ የሚኖረው እውነተኛ ኮምፕረሽን ወደ 7.1 ለ1 ከፍ ብሏል። ከካርቡራተሩ አፍ በላይ የነበረው ጉም የለም። ከዴራ በላይ ያለውን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ከ40 ኪሎ ሜትር ጀምራ ሳትንገጫገጭ ትስባለች፤ ከኋላ ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ጭኜም ሞክሬዋለሁ። የተከፈለ ዋጋ አለ፤ ከ4,500 ዙር በላይ ሞተሩ ይደክማል፣ የመጀመሪያው ካምሻፍት ግን እዚያ ላይ ገና መሮጥ ይጀምር ነበር። ሥራው ውድድር የሆነ ሰው ይህን ዋጋ ላይከፍል ይችላል፤ እኔ በደስታ ከፍያለሁ።

ሌላ መኪና ያላችሁ አንድ ነገር ጨምራችሁ አስቡ። ፍሬናችሁ በሞተሩ መሳብ የሚታገዝ ከሆነ፣ ሁለቱ ቫልቮች ለረጅም ጊዜ በአንድነት የሚከፈቱበት ካምሻፍት ያንን መሳብ ስለሚያደክመው ፍሬኑ ይደርቃል። የእኔዋ እንዲህ ያለ አጋዥ ስለሌላት ይህ ችግር አልደረሰብኝም፤ በቁልቁለት ለሚነዳ ሰው ግን ከጉልበቱ ጉዳይ የሚቀድም ነው።

ከ20 ደቂቃው በኋላ ዘይቱን አፍስሼ ከሥር ያለውን ወንፊት በማግኔት ፈተሽሁ፤ ከጥቂት ግራጫ ቅባት በቀር የብረት ፍንካች አልነበረበትም። የቫልቩን ክፍተት ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ በ0.15 ሚሊ ሜትር አስተካከልሁ፤ የአሉሚኒየም ፑሽሮዶቹን ስላልቀየርሁ የፋብሪካው ልክ ሠርቶልኛል። አንድ ቫልቭ ብቻውን ክፍተቱ እየሰፋ ከሄደ ጉብታው እየተበላ ነው ማለት ስለሆነ፣ በ500 ኪሎ ሜትር ከአሰላ በተመለስሁ ማግሥት ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ሽፋኖቹን አውልቄ እንደገና ለካሁ። ባለ 0.15ቱ ስስ ብረት በስምንቱም ላይ ያንኑ ጥቂት መያዝ እየያዘ አለፈ።